ፒኤስኤ ልመርመር ወይስ ይቅርብኝ? የስዊድን፣ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የኢትዮጵያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

በማኅፀን በር ካንሰር ላይ የየአገሩ የጤና ባለሥልጣናት እምብዛም አይከራከሩም፤ ሴቶችን ጥሩ፣ መርምሩ፣ የተገኘውን ቀድማችሁ አክሙ ይላሉ። በፕሮስቴት (ከሽንት ፊኛ በታች ባለው የወንዶች ዕጢ) ካንሰር ላይ ግን ስምምነት የለም፤ ክርክሩም ፒኤስኤ በሚባለው የደም ምርመራ ላይ ነው። አንዱ መንግሥት 50 ዓመት ለሞላው ወንድ የጥሪ ደብዳቤ ይልካል። ሌላው ከጠየቁ በነጻ እመረምራለሁ፣ ካልጠየቁ ግን አላነሣውም ይላል። ሦስተኛው ጉዳዩን ለሐኪሙ፣ ለታካሚውና ለኢንሹራንስ ኩባንያው ትቶታል። አራተኛው ገና የጨረር ማሽን በማዳረስ ላይ ነው። የሚገርመው፣ አራቱም የሚያነቧቸው ጥናቶች ያው ናቸው።

ይህ መመሪያ ዕድሜው ከ45 በላይ ለሆነ ወንድ፣ እንዲሁም የአባቱ ነገር ለሚያሳስበው ልጅ የተጻፈ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ምርመራው የትም አገር ያው አንድ ብልቃጥ ደም ነው። አገር ከአገር የሚለያየው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ ቀጥሎ የሚሆነው ነገር ነው፤ እኔም መንግሥታቱን የማወዳድረው በዚሁ ነው። ቀጣዩ እርምጃ በእጅዎ ከሌለ ደም መስጠቱ ብዙም አይጠቅምዎትም፤ ካለ ግን ላለመመርመር ምክንያት ማቅረብ ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር ግን ሳላሳስብ አላልፍም፦ ንጽጽሩ ምንም ሕመም የማይሰማውን ሰው የሚመለከት ነው። ሽንቱ ደም የቀላቀለበት፣ ሽንት ጨርሶ እምቢ ያለው፣ ወይም ወገቡንና ዳሌውን የማይለቅ አዲስ የአጥንት ሕመም የያዘው ሰው የሚያመዛዝነው ነገር የለም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ክርክሩ ከየት መጣ

ፒኤስኤ የፕሮስቴት ዕጢ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። በካንሰር ምክንያት በደም ውስጥ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን በዕድሜ የሚመጣው የዕጢው ማበጥ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ረጅም የብስክሌት ጉዞ፣ ከምርመራው በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት የተፈጸመ ግብረ ሥጋም ከፍ ያደርጉታል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ለሕዝቡ እንደሚነግረው፣ ፒኤስኤያቸው ከፍ ብሎ ከተገኙ አራት ወንዶች ሦስቱ ካንሰር የለባቸውም። በአንጻሩ ቁጥራቸው ደኅና ከሚመስለው ሰባት ወንዶች አንዱ ካንሰር ሊኖርበት ይችላል። ለፀጉር መነቃቀልም ሆነ ለዕጢው ማበጥ ፊናስተራይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ ቁጥሩ በግማሽ ያህል ዝቅ ስለሚል፣ ይህንን ለሐኪሙ ካልተናገረ ውጤቱ ያዘናጋዋል።

ታዲያ ሕይወት ያድናል ወይ? ያድናል፣ ግን በጥቂቱ። በስምንት የአውሮፓ አገሮች የተካሄደው ትልቁ ጥናት የ23 ዓመት ውጤቱን በ2025 አውጥቷል። የተጠሩት ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ካልተጠሩት በ13 በመቶ ቀንሷል። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ሞት ለማስቀረት 456 ወንዶች መጠራት፣ ካልተጠሩት ይልቅም 12 ተጨማሪ ወንዶች ካንሰር አለብህ መባል ነበረባቸው። በእንግሊዝ ደግሞ ከ400 ሺህ በላይ ወንዶች በተካተቱበት ጥናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠሩት ከ15 ዓመት በኋላ 0.69 በመቶ፣ ያልተጠሩት 0.78 በመቶ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ልዩነት አለ፤ ነገር ግን ቀጭን ነው።

የጉዳቱ ሚዛን ግን ከበድ ይላል። የአሜሪካ መንግሥት የሚመካበት የበሽታ መከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል (የባለሙያዎች ቡድን) በ2018 ያወጣውን ስሌት ልብ ብለው ይመልከቱት። ከ55 እስከ 69 ዓመት የሆናቸው 1,000 ወንዶች ለ13 ዓመታት ያህል ቢመረመሩ፣ 240ው ከፍ ያለ ውጤት ያያሉ፤ 100ው በባዮፕሲ (ከዕጢው በመርፌ በሚወሰድ ናሙና) ካንሰር ይገኝባቸዋል፤ 80ው በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ይታከማሉ። ከእነዚህም 50ው ለስንፈተ ወሲብ፣ 15ቱ ሽንት መቆጣጠር ለማቃት ይዳረጋሉ። ከሞት የሚተርፈው አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ከ1,000ው 5ቱ ተመርምረውም ይሞታሉ።

ይህንን አንብቦ "እንዲያማ ከሆነ ለምን እመረመራለሁ?" ማለት ተገቢ ነው፤ የአሜሪካው ግብረ ኃይል ራሱ በ2012 ማንም ወንድ እንዳይመረመር መክሮ ነበር። ሆኖም ስሌቱ የተሠራው ከፍ ያለ ፒኤስኤ ያለው ሰው በቀጥታ ወደ መርፌ፣ ካንሰር የተገኘበትም በቀጥታ ወደ ቢላዋ ከሚሄድበት ዘመን በተገኘ መረጃ ነው። ያ ዘመን በአንዳንድ አገሮች አልፏል፣ በአንዳንዶቹ አላለፈም። ምርጫዎ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቁጥር በአራት አገር

አንድ ሰው በምሳሌ እንውሰድ። ዕድሜው 56፣ ምንም ምልክት የለውም፣ ፒኤስኤው 5.8 ሆኖ ተገኘ። ይህ ወረቀት በአራቱ አገሮች እጁ ላይ ቢወድቅ ምን ይገጥመዋል?

*ስዊድን።* የዚህ አገር መንግሥት የሄደበት መንገድ ከሁሉም ይበልጥ የታሰበበት ይመስለኛል። በ2018 የአገሪቱ የጤናና ማኅበራዊ ደኅንነት ቦርድ ብሔራዊ የፒኤስኤ ምርመራ ዘመቻ አልደግፍም አለ። ነገር ግን ወንዶቹ በየፊናቸው እየተመረመሩ መሆናቸው ግልጽ ነበር፤ አንዱ በየዓመቱ፣ አንዱ በሰማንያ ዓመቱ፣ አንዱ ምንም ሳይመከር። ስለዚህ የክልል የካንሰር ማዕከላት ዝብርቅርቁን ሥርዓት እንዲያስይዙት ተደረገ። በ2020 ጎተንበርግ ባለበት በቬስትራ ዮታላንድና በደቡብ በስኮነ ተጀመረ፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰውየው 50 ሲሞላው ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው "ና ተመርመር" ብሎ አያዝም፤ ጥቅሙንና ጉዳቱን አስቀምጦ ውሳኔውን ለእሱ ይተዋል። ከፈለገ ደም ይሰጣል። ቁጥሩ ከ1 በታች ከሆነ ለ6 ዓመት ማንም አይጠራውም። ከ1 እስከ 3 ከሆነ ከ2 ዓመት በኋላ ይደገማል። 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚሠራ የውስጥ አካል ምስል) ይነሣል። የእኛ ሰው 5.8 ስለሆነ ቀጠሮው ለኤምአርአይ ነው። ምስሉ ላይ የሚያጠራጥር ነገር ካልታየ አብዛኛውን ጊዜ መርፌ ሳያገኘው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከታየም ናሙናው የሚወሰደው ከዚያ ከሚያጠራጥረው ቦታ ነው። በዚያው በጎተንበርግ የተካሄደና በ2022 የታተመ ጥናት፣ ይህ ቅደም ተከተል ጉዳት የማያደርሱትን ትንንሽ ካንሰሮች መገኘት በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ካንሰሩ ተገኝቶ ዝቅተኛ አደጋ ያለው ቢሆንስ? በስዊድን እንዲህ ካሉት ወንዶች ከአሥሩ ዘጠኙ ቢላዋም ጨረርም ሳይነካቸው በንቁ ክትትል ይቆያሉ።

ጉድለቱም አይጠፋም፤ ደብዳቤው ከደረሳቸው ብዙዎች አልመጡም። ቢሆንም እዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ደብዳቤው ሲደርሰው ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አብሮ እንዳይጥለው እመክራለሁ።

*እንግሊዝ።* እዚህ ያለው ሥርዓት ጠያቂን ይጠቅማል፣ ዝምተኛን ይጎዳል። 50 ዓመት የሞላው ማንኛውም ወንድ ከቤተሰብ ሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ፒኤስኤ በነጻ የመመርመር መብት አለው። ሐኪሙ ግን ምልክት ለሌለው ሰው ጉዳዩን በራሱ ተነሣሽነት እንዲያነሣ መመሪያው አያበረታታውም። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ የተማረው፣ እንግሊዝኛው የሚቀናው፣ ሚስቱ የምትጎተጉተው ይመረመራል። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በ2025 መጨረሻ ካንሰሩ እንደተገኘባቸው ሲናገሩ ለምርመራ የገፋፏቸው ባለቤታቸው መሆናቸውን አልደበቁም።

ከጥያቄው በኋላ ያለው መንገድ ግን ጥሩ ነው። 5.8 የያዘው ሰው በአስቸኳይ ሪፈራል ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ ካንሰር መሆን አለመሆኑ በ28 ቀን ውስጥ እንዲነገረው ግብ ተቀምጧል፤ ከ2019 ጀምሮም የአገሪቱ የሕክምና መመሪያ ኤምአርአይን ከባዮፕሲ በፊት አድርጎታል።

በኅዳር 2025 የብሔራዊ ምርመራ ኮሚቴው ረቂቅ ምክር አወጣ። ብራካ የሚባለው ለካንሰር የሚያጋልጥ የዘር ለውጥ እንዳለባቸው የተረጋገጠ ወንዶች ከ45 እስከ 61 ዓመታቸው በየሁለት ዓመቱ ይጠሩ፤ ለሌላው ሕዝብ ግን፣ ጥቁሮችን ጨምሮ፣ ማስረጃው ገና አልበሰለም የሚል ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ከ4 ጥቁር ወንዶች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ካንሰር ይገኝበታል፤ በአጠቃላይ ወንዶች ዘንድ ቁጥሩ ከ8 አንድ ነው። በእኔ እምነት የኮሚቴው ሐሳብ ማስረጃን በተመለከተ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው የጠፋው ግን ጥቁር ወንዶች በጥናቶቹ ውስጥ ስላልተካተቱ ነው፤ የጥፋቱን ዋጋ ደግሞ እነሱው መክፈላቸው ያናድዳል። ይህንኑ ለማረም ይመስላል፣ መንግሥትና አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በ42 ሚሊዮን ፓውንድ ትራንስፎርም የተባለ ጥናት ጀምረዋል፤ ጥቁር ወንዶችን ከ45 ዓመት፣ ሌሎችን ከ50 ዓመት ጀምሮ ይጋብዛል። በራስ ፈቃድ መመዝገብ አይቻልም፤ ደብዳቤው ከደረሰዎት ግን እሺ ይበሉ።

ሐኪምዎ ቢያመነታ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። "ዶክተር፣ ዕድሜዬ ከ50 በላይ ነው፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን አንብቤያለሁ፣ እንዲመረመርልኝ እፈልጋለሁ" ማለት ይበቃል።

*አሜሪካ።* እዚህ አገር ነገሩ ሁሉ ከፊደል ይጀምራል። የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይሉ ለእያንዳንዱ ምርመራ ደረጃ ይሰጣል። በጤና ሕጉ መሠረት ኢንሹራንሶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ መሸፈን የሚገደዱት ኤ እና ቢ ያገኙትን ብቻ ነው። ፒኤስኤ በ2012 ዲ ነበር፤ በ2018 ከ55 እስከ 69 ላሉት ወደ ሲ ከፍ አለ፣ ለ70 እና ከዚያ በላይ ግን ዲ እንደሆነ ቀረ። ሲ ማለት "ከሐኪምህ ጋር ተመካከርና ወስን" ማለት ነው፤ ለኪስዎ ሲተረጎም ደግሞ "ኢንሹራንስህ ሊያስከፍልህ ይችላል" ነው።

ይህን ቀዳዳ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ደፍነውታል፤ ኒው ዮርክና የእኛ ሰው የበዛበት ሜሪላንድ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ትልልቅ ቀጣሪዎች ራሳቸው ከኪሳቸው የሚሸፍኑት ኢንሹራንስ የሚተዳደረው በፌዴራል ሕግ ስለሆነ የክፍለ ግዛቱ ሕግ አይደርስበትም። ስለዚህ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ በነጻ፣ ሌላው በክፍያ ሊመረመሩ ይችላሉ። ሜዲኬር (በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ያለው ሰው ግን ከ2000 ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ ፒኤስኤ ያለ ክፍያ ያገኛል።

እውነቱን ለመናገር የደም ምርመራው ዋጋ ትንሽ ነው። የእኛ የ56 ዓመት ሰው የሚቸገረው 5.8 ካነበበ በኋላ ነው። ኤምአርአዩ የኢንሹራንሱን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የዓመቱ የራስ ድርሻ ክፍያ ካልሞላ ሂሳቡ ወደ ቤቱ ይመጣል። አንዳንድ ሐኪም ደግሞ ፈቃዱን ከመጠበቅ በቀጥታ ባዮፕሲ ማድረግን ይመርጣል። እዚህ ላይ ጸንተው ይቁሙ። ቁጥሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንዲደገም ይጠይቁ፤ ከፍ እንዳለ ከቀረ "ከባዮፕሲው በፊት ኤምአርአይ ይታዘዝልኝ" ይበሉ፤ ወደ ኢንሹራንሱ ደውለው ፈቃዱ መሰጠቱንና የእርስዎ ድርሻ ስንት እንደሆነ ቀጠሮው ሳይደርስ ይወቁ። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው የፌዴራል መንግሥት የሚደጉማቸው የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት ክፍያን እንደ ገቢ መጠን ስለሚቀንሱ ከዚያ ይጀምር።

የ2012ቱ "አትመርምሩ" ምን አስከተለ? ምርመራው ቀነሰ፤ ከ2014 ወዲህ ዘግይተው የሚገኙ ካንሰሮች በየዓመቱ እየጨመሩ መጡ። ጥቁር አሜሪካውያን በዚህ በሽታ የሚሞቱት ከነጮቹ በእጥፍ ነው። በሌላ በኩል ንቁ ክትትል ሥር የሚቆዩት ዝቅተኛ አደጋ ያለባቸው ታካሚዎች በ2014 ከነበሩት ሩብ ያህል በ2021 ወደ 60 በመቶ ደርሰዋል። ከስዊድን ጋር ሲተያይ ይህ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ከሐኪም ሐኪምም ሰፊ ልዩነት አለ። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ መንግሥትን ከመምረጥ ይልቅ ሐኪምን መምረጥ ይበልጥ ያዋጣል።

የአሜሪካ መንግሥት ብርታቱ በሌላ በኩል ነው። መከላከያ ሚኒስቴሩ ከ1997 ጀምሮ የፕሮስቴት ካንሰር ምርምርን በራሱ በጀት ይደግፋል። በሽታው ለተሰራጨባቸው የሚሰጠውና እጅግ ውድ የሆነው ኤንዛሉታማይድም ሜዲኬር በዋጋው ላይ ከሚደራደርባቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ገብቷል፤ አዲሱ ዋጋ ከ2027 ጀምሮ ይሠራል።

*ኢትዮጵያ።* እዚህ የሚላክ ደብዳቤ የለም፤ አሁን ባይኖርም ትክክል ነው እላለሁ። ብዙዎችን እንደማያስደስት አውቃለሁ፣ ግን ምክንያት አለኝ። ሊትዌኒያ በ2006 ቀዳሚ ሆና በመላ አገሪቱ ለወንዶቿ የፒኤስኤ ምርመራ ከፈተች፤ ያኔ ኤምአርአይ የሚያጣራ መንገድ ስላልነበረ ካንሰር አለበት ተብሎ የተመዘገበው ሰው ቁጥር በአንድ ጊዜ ተመነጠቀ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ያለ አበሳቸው ታካሚ ሆኑ። ሀብታም የሚባል አገር እንኳ ይህንን ካልቻለ፣ ፓቶሎጂስት (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚያነብ ሐኪም) በጥቂት ከተሞች ብቻ በሚገኝበት አገር ዘመቻ መጥራት ሰውን በወረቀት አስፈራርቶ መተው ነው።

መንግሥት የሠራው የለም ማለት ግን አይደለም። ከ2016 እስከ 2020 የተዘረጋ ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ ነበረ፤ በምርመራ በኩል ትኩረቱ የማኅፀን በር ካንሰር ላይ ነበር። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ለመላ አገሪቱ በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ወረፋውም በወራት ይቆጠር ነበር። በኋላ በጅማና በሐረር ማዕከላት ተከፍተዋል። በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግሞ በገጠር ላለው ሰው ቢያንስ ወደ ሆስፒታል የሚያስገባ በር ነው።

5.8 የሚል ወረቀት አዲስ አበባ ውስጥ ከግል ላቦራቶሪ የተቀበለ ሰው ወረቀቱን ይዞ ብቻውን ይቀራል። አትደናገጥ፣ ደግመው፣ ኢንፌክሽን ካለ ይታከም የሚለው የለም። ስለዚህ ምርመራውን ከማድረጉ በፊት የሚያየው ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ሐኪም) ማን እንደሆነ፣ ኤምአርአይና ባዮፕሲ የት እንደሚሠራና የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይወቅ። አዲስ አበባ ውስጥ አቅሙ ላለው ይህ ሁሉ ይቻላል። ከከተማ ርቆ ለሚኖረው ግን ዋናው ጉዳይ ምልክቱን ቶሎ ማየት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው ታካሚ የሚመጣው ካንሰሩ ከተሰራጨ በኋላ ነውና።

ለምን እንደሚዘገይ ለማወቅ አንድ የስልክ ጥሪ መስማት ይበቃል። ልጅ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ደሴ ወዳሉት አባቷ ትደውላለች።

"አባባ፣ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?"

"ተዪኝ ልጄ፣ የእርጅና ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።"

"ወገብዎትንስ?"

"እሱማ ከአህያዋ ወድቄ የለም እንዴ ያን ጊዜ።"

ወሬው ወደ እህል ዋጋ ይዞራል። ልጅቷ እንደገና መመለስ አለባት፤ ወንድም ካለ እሱ ቢጠይቅ ይሻላል፤ አባት ለሴት ልጅ የማይናገሩትን ለወንድ ልጅ ወይም ለእኩያቸው ይናገራሉ።

በሽታው ተሰራጭቶ ከተገኘ የሚመጣው ምርጫ እንዲህ ነው። ካንሰሩ የሚመገበው የወንድ ሆርሞንን ስለሆነ ሆርሞኑ መቋረጥ አለበት። ይህ በሁለት መንገድ ይደረጋል፤ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ በሚወሰድ መርፌ፣ አለዚያም የዘር ፍሬዎቹን በቀላል ቀዶ ሕክምና አንዴ በማውጣት። ካንሰሩን በመቆጣጠር ረገድ ሁለቱ እኩል ናቸው። መርፌው ሊቆም ይችላል፣ የሰውን ክብርም አይነካም፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ ይገዛል፣ ከገበያ ሲጠፋ ወይም ገንዘብ ሲያልቅ ካንሰሩ ይመለሳል። ቀዶ ሕክምናው ወጪው አንድ ጊዜ ነው፣ ከፋርማሲ ጋርም አያጣላም፤ ግን አይመለስም፣ ለብዙ ወንድ ለመስማትም ይከብዳል። ውጭ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ "መርፌውን እኛ እንልካለን" ይላሉ። ለስድስት ወር ይላካል። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚልክ ቤተሰቡ ተቀምጦ ካልተማመነ ቀዶ ሕክምናው ይሻላል ባይ ነኝ። ውሳኔው ግን የአባት ነው፤ ሐኪሙ ምርጫውን ለልጆቹ ሳይሆን ለእሳቸው ያስረዳ።

መንግሥት ገንዘብ ቢያገኝ ከፒኤስኤ ዘመቻ በፊት ምን ይሥራ ብባል፣ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪንና እነዚህን የሆርሞን መድኃኒቶች በመድኑ ውስጥ ማስገባትን አስቀድማለሁ።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንን በአጭሩ ላንሣ። በ1995 ሥራ ላይ በዋለው የጤና መድን ሕግ እያንዳንዱ ነዋሪ ከአራቱ የጤና ድርጅቶች የአንዱ አባል ነው። በጡትና በአንጀት ካንሰር እንደሚደረገው ያለ አገር አቀፍ የፕሮስቴት ጥሪ የለም፤ የቤተሰብ ሐኪሙን ጠይቆ መመርመር ነው። አካሄዱ ከእንግሊዝ ጋር ይቀራረባል፣ ምክሬም ያው ነው።

ካንሰር ነው ከተባለስ?

ሦስቱን ምርጫዎች በቅጡ ያነጻጸረው በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የተካሄደው ፕሮቴክት የተባለው ጥናት ነው። ካንሰራቸው ከዕጢው ያልወጣ 1,643 ወንዶች በዕጣ ለክትትል፣ ለቀዶ ሕክምናና ለጨረር ተመደቡ። ከ15 ዓመት በኋላ በ2023 እንደታወቀው፣ በየትኛውም ቡድን ቢሆን 97 በመቶ ያህሉ በፕሮስቴት ካንሰር አልሞቱም። በክትትል ላይ የነበሩት ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የተሰራጨባቸው 9.4 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌሎቹ ሁለት ቡድኖች 5 በመቶ አካባቢ ነበሩ። ለሽንት መፍሰስ ፓድ የሚጠቀሙት ከ7 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው ቡድን ከ18 እስከ 24 በመቶ፣ ከክትትሉ ከ9 እስከ 11፣ ከጨረሩ ከ3 እስከ 8 በመቶ ነበሩ። ጨረር በበኩሉ ሰገራን የመቆጣጠር ችግር ያመጣል።

እንግዲህ ዝቅተኛ አደጋ ላለው ካንሰር ለመቁረጥ መቸኮል አያስፈልግም። ክትትል ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም፤ ተደጋጋሚ ፒኤስኤ፣ ኤምአርአይና አልፎ አልፎ ባዮፕሲ ይጠይቃል። ስቶክሆልም ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነው። ለምርመራ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ለሚጓዝ ሰው ግን ክትትሉ በሦስተኛው ቀጠሮ የመቋረጥ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ የአንድ ጊዜ ሕክምና ቢመርጥ አልፈርድበትም። ከፍተኛ ደረጃ ያለው ካንሰር ሲሆን ደግሞ ይህ ሁሉ ማመዛዘን ይቀርና ሕክምናው ይጀመራል።

እኔ ብሆን

ከ50 እስከ 69 ዓመት ሆኜ ስዊድን ወይም እንግሊዝ ብኖር እመረመር ነበር፤ ኤምአርአዩ ከመርፌው ስለሚቀድም። አሜሪካ ብኖርም እመረመር ነበር፣ ግን ዝቅተኛ አደጋ ያለባቸውን ታካሚዎቹን በክትትል የሚያቆይ ዩሮሎጂስት ካገኘሁ በኋላ። አባት ወይም ወንድም በዚህ ካንሰር የተያዘበት፣ ወይም በእናቱ ወገን የጡትና የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር የበዛበት ሰው ከ45 ጀምሮ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ከ70 በላይ ላለ ጤነኛ ሰው መልሱ ይከብዳል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባይደን በ2025 ወደ አጥንት የተሰራጨ ካንሰር ሲገኝባቸው፣ የመጨረሻው የታወቀ ፒኤስኤያቸው የ2014 እንደነበረ ቃል አቀባያቸው ተናግረዋል፤ ይህም ከ70 በኋላ አትመርምሩ ከሚለው መመሪያ ጋር ይገጥማል። እኔ በልደት ቀን ብቻ መቁረጡን አልወደውም፤ ገና ከአሥር ዓመት በላይ ለመኖር የሚያስችል ጤና ላለው ሰው በሩ ባይዘጋ ይሻላል። በልብና በኩላሊት ሕመም የደከሙትን አባት ግን ለፒኤስኤ ማንከራተት አያስፈልግም።

ወላጅን ለማሳከም ወደ አሜሪካ ማምጣት የሚያስቡ ሰዎች ስሌቱን አስቀድመው ያድርጉ። በጎብኚ ቪዛ የመጣ ሰው ሜዲኬር አያገኝም፤ ግሪን ካርድ የያዘም ቢሆን 65 ዓመት ሞልቶት በአሜሪካ ያለማቋረጥ 5 ዓመት ካልኖረ ከፍሎም መግባት አይችልም። በእንግሊዝ ጎብኚ የሆስፒታል ሕክምና ሲያገኝ ከመደበኛው ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠየቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ምርመራው አዲስ አበባ ተሠርቶ ወረቀቱ ቢላክ ይቀላል። ባዮፕሲ ከተደረገ ከውጤቱ ወረቀት በተጨማሪ ናሙናው የተቀመጠበትን የሰም ብሎክና ስላይዱን ከላቦራቶሪው ይጠይቁ፤ ሌላ ፓቶሎጂስት፣ ሌላ አገርም ቢሆን፣ ያለ ሁለተኛ መርፌ ደግሞ ሊያነበው ይችላል።